አልበርት ፑሆልስ፦ ስለ ታላቁ ፈርስት ቤዝ ተጫዋች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ አንድ ቀን ቤዝቦል ሜዳ ዳር መቆሙ አይቀርም። ልጁ ጓንት ግዙልኝ ይላል። አሰልጣኙ «አንተ ፈርስት ቤዝ ቁም» ይለዋል። ወላጅ ደግሞ ቡናውን ይዞ «ይሄ ቦታ ምንድን ነው? ጥሩ ነው መጥፎ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ሁሌም የምሄደው ወደ አንድ ሰው ነው፤ አልበርት ፑሆልስ። ስለ እሱ የሚጠየቁትን ሰብስቤ እነሆ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አልበርት ፑሆልስ ማን ነው?

በ1980 ሳንቶ ዶሚንጎ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተወለደ ቤዝቦል ተጫዋች ነው። ከ2001 እስከ 2022 ድረስ ለ22 የውድድር ዓመታት በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ተጫውቷል። ኳስን ከሜዳው አጥር አሳልፎ መምታት ሆም ረን ይባላል፤ እሱ 703 ጊዜ አድርጎታል። በዚህ ከፊቱ ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባሪ ቦንድስ 762፣ ሃንክ አሮን 755፣ ቤብ ሩት 714።

ሜዳው ላይ ሯጭ ተራ በተራ የሚደርስባቸው ማረፊያዎች ቤዝ ይባላሉ። አንድ ተጫዋች ኳስ መትቶ በሰላም ቤዝ ላይ ሲደርስ ሂት ይባላል። ፑሆልስ 3,384 ሂት አለው። ከ3,000 በላይ ሂትና ከ700 በላይ ሆም ረን አንድ ላይ ያላቸው እሱና ሃንክ አሮን ብቻ ናቸው። ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፤ በ2005፣ በ2008 እና በ2009። ሁለት የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የሜጀር ሊጉን የመጨረሻ ፍልሚያ ዋንጫም በልቷል።

ፈርስት ቤዝ የሚቆም ሰው ሥራው ምንድን ነው?

ኳስ የመታ ሰው በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፈርስት ቤዝ ነው። ርቀቱ 27 ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ኳሱ መሬት ለመሬት ከሄደ አንዱ ተከላካይ ያነሳዋል፣ ወደ ፈርስት ቤዝ ይወረውራል። እዚያ የቆመው ሰው አንድ እግሩን ቤዙ ላይ አድርጎ ሯጩ ሳይደርስ ኳሷን መያዝ አለበት። ከያዘ ሯጩ ወጣ፤ ተራው አበቃ ማለት ነው።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወርዋሪው ቸኩሏል። ኳሷ አንዴ ከፍ ትላለች፣ አንዴ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ እግሩ ስር ትነጥራለች። ፈርስት ቤዝ ተጫዋች እግሩን ከቤዙ ሳያነሳ እስከሚችለው ድረስ ተዘርግቶ፣ ጓንቱን አቧራ ላይ አስተኝቶ ይቀልባታል። ለዚህም ነው ጓንቱ ከሌሎቹ የሚለየው፤ ረዘም ያለ ነው፣ ጣት ጣት የለውም። ለልጃችሁ ስትገዙ ይህን ሳታዩ ብትገዙ ገንዘባችሁ ከንቱ ነው።

ግራኝ ለዚህ ቦታ ይመረጣል። ጓንቱ በቀኝ እጁ ስለሚሆን ወደ መሃል ሜዳው ክፍት ነው፤ ወደ ሌሎቹ ቤዞች ሲወረውርም መዞር አያስፈልገውም። ፑሆልስ ግን ቀኝ እጁን ነበር የሚጠቀመው።

ታዲያ «የማይችል ሰው የሚቆምበት ቦታ» የሚሉት ለምንድን ነው?

ስለሚሮጥበት ርቀት ነው። ፈርስት ቤዝ ብዙ መሮጥ አይጠይቅም፣ እሩቅ መወርወርም አይጠይቅም። ስለዚህ አሰልጣኞች ጉልበተኛ መቺ ሆኖ እግሩ የከበደውን ሰው እዚያ ያቆሙታል። ውለታው ግን ዋጋ አለው። ሌላ ቦታ የሚቆም ሰው በጥሩ መከላከል ብቻ እንጀራውን ሊበላ ይችላል። ፈርስት ቤዝ ላይ ካልመታህ አትኖርም።

ፑሆልስም የተወለደው ለዚህ ቦታ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ቤዝም፣ ግራ ሜዳም፣ ቀኝ ሜዳም፣ ፈርስት ቤዝም ቆሟል። በ2003 ክርኑን ታሞ ከግራ ሜዳ መወርወር ሲቸግረው ቆየ። በ2004 ፈርስት ቤዝ ቋሚ ቦታው ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እኔ የምወደው፤ «ማረፊያ» የሚባለውን ቦታ ሥራ አደረገው። በ2009 ኳስ አንስቶ ለሌላ ተከላካይ በመስጠት 185 ሰው በማስወጣት ተካፍሏል። በአንድ የውድድር ዓመት ከዚያ በፊት የትኛውም ፈርስት ቤዝ ተጫዋች ያን ያህል አልደረሰም ነበር። ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንትም በ2006 እና በ2010 ወስዷል።

አስተዳደጉስ?

ድህነት ነው። አባቱ ሶፍትቦል ተጫዋች ነበሩ፤ ልጁን በብዛት ያሳደጉት ግን አያቱ፣ ከአክስቶቹና ከአጎቶቹ ጋር ሆነው ነው። በ1996 ወደ አሜሪካ መጡ። መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ቀጥሎ ዘመድ ወዳለበት ሚዙሪ ግዛት፣ ኢንዲፔንደንስ ወደምትባል ከተማ። እንግሊዝኛ ሳይችል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆነ። ኳሱን ሲመታ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከዚያ ካንሳስ ሲቲ ሜፕል ዉድስ የሚባል የማኅበረሰብ ኮሌጅ ገባ።

በ1999 የሜጀር ሊግ ቡድኖች ወጣቶችን ሲመርጡ፣ 401 ተጫዋቾች ከተጠሩ በኋላ 402ኛ ሆኖ በ13ኛው ዙር ተጠራ። የጠራው የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው። የቀረበለት ገንዘብ ትንሽ ስለነበር መጀመሪያ እምቢ አለ። ክረምቱን ሌላ ሊግ ውስጥ ተጫውቶ ዋጋውን ከፍ ካደረገ በኋላ ነው የፈረመው።

ለምን ያን ያህል ታለፈ? መልማዮቹ የት እንደሚቆም ግራ ገባቸው፤ ሰውነቱም ወፍሮ ቦታ የሚያሳጣው መሰላቸው። በሌላ አነጋገር «ይሄ ልጅ መጨረሻው ፈርስት ቤዝ ነው» ብለው ንቀው አለፉት። ትንቢቱ ልክ ነበር። ንቀቱ ነው ያልሠራው።

በስንት ጊዜ ዋናው ቡድን ገባ?

በታችኛው ሊግ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በ2001 ጸደይ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ተጎዳና ቦታ ተከፈተ። አሰልጣኙ ቶኒ ላ ሩሳ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣው? በዚያ ዓመት 37 ሆም ረን መታ፣ በምቱ 130 ነጥብ አስገባ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆኖ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

የሴንት ሉዊሱ ዘመን እውነት ያን ያህል ነበር?

ነበር። ቤዝቦል ውስጥ ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ ሂት ያገኘ ጎበዝ ይባላል፤ 0.300 ብለው ነው የሚጽፉት። በዓመት 30 ሆም ረን ትልቅ ነው። 100 ነጥብ ማስገባትም ትልቅ ነው። ፑሆልስ ከ2001 እስከ 2010፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ አንድ ዓመት እንኳ ሳይዘል ሦስቱንም አንድ ላይ አሟልቷል። «ማሽኑ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት በዚህ ነው።

በአሥራ አንደኛው ዓመትስ? 37 ሆም ረን፣ 0.299፣ 99 ነጥብ። አንዷ ነጥብ ጎደለች! ሰው እንዲህ ለጥቂት ሲያመልጠው ይበልጥ ያንገበግባል፤ እሱ ግን በዚያው ዓመት ዋንጫ ስላነሳ ብዙም ያዘነ አይመስለኝም።

ሌላ ቅጽል ስምም ሊያወጡለት ሞክረው ነበር፤ በስፓኒሽ «ሰውዬው»። አልወደደውም። በሴንት ሉዊስ «ሰውዬው» ማለት ከድሮ ጀምሮ የካርዲናልሱ ታላቅ ተጫዋች ስታን ሙዚያል ነው፤ የእሳቸውን ስም አልካፈልም አለ። ለታላቅ የሚሰጥ አክብሮት የገባው ሰው ነው።

ሰዎች እስካሁን የሚያወሩት የሂዩስተኑ ምት የትኛው ነው?

ጥቅምት 17 ቀን 2005። ሂዩስተን አስትሮስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርልድ ሲሪስ ሊገባ ነው። በሜዳው 4 ለ 2 እየመራ ነው፣ የመጨረሻው ዙር የሆነው ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ነው፣ ሁለት የካርዲናልስ መቺዎች ወጥተዋል፣ ሦስተኛው ከወጣ ጨዋታው ያልቃል፣ ቤዝ ላይ አንድም ሰው የለም። ኳስ የሚወረውረው ብራድ ሊጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሚፈሩት ዘጊ ወርዋሪዎች (ጨዋታውን ለመጨረስ ከሚገቡት) አንዱ። ሕዝቡ ቆሟል፣ ጩኸቱ ጣሪያ ሊያነሳ ነው።

ዴቪድ ኤክስታይን ሊወጣ አንድ ስትራይክ፣ ማለትም አንድ የሳታት ኳስ ሲቀረው ቀጭን ሂት አገኘ። ጂም ኤድመንድስ ወርዋሪው ኳሷን በትክክል ስላላደረሰለት ሳይመታ በነፃ ወደ ቤዝ ተራመደ። ቀጥሎ ፑሆልስ።

የሊጅ ጠማማ ኳስ እንዳሰበው ሳትወርድ ቀረች። ፑሆልስ መታት። ኳሷ ከግራ ሜዳው አጥር በላይ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ካለው የባቡር ሐዲድም በላይ ሄደች። እኔ ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር የምመለከተው ኳሷን አይደለም፤ ሊጅን ነው። ወዲያው ቁጢጥ አለ። ሌላው የአስትሮስ ወርዋሪ አንዲ ፔቲት ደግሞ ከመቀመጫው ሆኖ አፉን ከፍቶ ኳሷን በዓይኑ ይሸኛል። አርባ ሺህ ሰው ያለበት ቤት በአንድ ጊዜ ጭጭ አለ።

ቤዝ ላይ ሁለት ሰው ስለነበረ ምቷ ሦስት ነጥብ ሆነች፤ ካርዲናልስ 5 ለ 4 አሸነፉ። ያልሰሙ ሰዎች የሚገረሙት በሚቀጥለው ነው፤ ተከታዩን ጨዋታ አስትሮስ አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ የገባው እሱ ነው። ምቷ ምንም አልቀየረችም። ሰው የሚያስታውሰው ግን እሷን ነው።

የወርልድ ሲሪስ ዋንጫዎቹስ?

በ2006 ዲትሮይት ታይገርስን፣ በ2011 ደግሞ ቴክሳስ ሬንጀርስን አሸንፈው ነው። በ2011 በሦስተኛው ጨዋታ በአንድ ምሽት ሦስት ሆም ረን መታ። በወርልድ ሲሪስ ከእሱ በፊት ይህን ያደረጉት ቤብ ሩትና ሬጂ ጃክሰን ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ከሚወዱት ከተማ ለምን ሄደ?

በገንዘብና በዓመት ብዛት። በታኅሣሥ 2011፣ ዋንጫውን ባነሳ በሁለት ወር ውስጥ፣ ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር የ10 ዓመት፣ የ240 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ዕድሜው 32 ሊሞላ ነው። ማለትም ኤንጅልስ እስከ 41 ዓመቱ ሊከፍሉት ተስማሙ። የሴንት ሉዊስ ሰዎች ተቀየሙ፤ «ከዳን» ያሉም ነበሩ። እኔ ግን አልፈርድበትም። ከዚያ በፊት የነበረው ውሉ 7 ዓመት በ100 ሚሊዮን ነበር። ለኛ ሰማይ የሚያክል ገንዘብ ነው፤ ለሠራው ሥራ ግን ካርዲናልስ በርካሽ ነበር ያገኙት።

ኤንጅልስ ጋ ምን ነካው?

እግሩ። በአንድ ቃል መልሱ ይሄ ነው።

በ2013 ከተረከዝ እስከ ጣት የሚሄደው የውስጥ እግሩ ጅማት ሲያሰቃየው ቆይቶ ተበጠሰ፤ 99 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ዓመቱን ዘጋ። የጉልበትና የእግር ቀዶ ሕክምናዎች ተከተሉ። ቤዝቦል ውስጥ የምት ኃይል ከእጅ የሚመጣ ይመስላል፤ የሚጀምረው ግን ከመሬት ነው። ተረከዝህ ከታመመ ወገብህ አይዞርም፣ ወገብህ ካልዞረ ዱላህ ይዘገያል። በሴንት ሉዊስ 11 ዓመት አማካዩ 0.328 የነበረ ሰው በኤንጅልስ 0.256 ሆነ።

ሩጫውማ አይነሳ። ቤዝ ላይ ሰው እያለ ኳስን መሬት ለመሬት ጠንክረህ ከመታህና ቶሎ ካልሮጥክ፣ ተከላካዮቹ በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ያስወጣሉ። ፑሆልስ ኳስ የሚመታው አጥብቆ ነው፣ ሩጫው ደግሞ የለም። በዚህ መንገድ 426 ጊዜ ቡድኑን ሁለት ሁለት ሰው አስወጥቷል፤ ይሄም የታሪክ ክብረ ወሰን ነው፣ የማይፈለግ ዓይነት። ከእሱ በፊት የነበረው ካል ሪፕከን 350 ነበረው።

በፈርስት ቤዝ የሚቆምበት ቀን እየቀነሰ፣ መምታት ብቻ የሚሠራበት ቀን እየበዛ ሄደ። ቡድኑም በእሱ ዘመን ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወደሚደረጉት የዋንጫ ጨዋታዎች የገባው በ2014 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስት ለባዶ ተሸንፎ ወጣ። በግንቦት 2021 ውሉ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት አሰናበቱት።

ስለዚህ «እነዚያ አሥር ዓመታት ከንቱ ነበሩ» የሚል ብዙ ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ ለከፋዩ ውሉ ክስረት ነበር። ግን እያነከሰም ቢሆን በኤንጅልስ ማልያ 222 ሆም ረን መትቷል። ያንን አውጥታችሁ 700ን ቁጠሩ እስኪ!

አበረታች ንጥረ ነገር ይጠቀም ነበር ይባላል?

ተረጋግጦ የተባለ ነገር የለም። በ2013 አንድ የቀድሞ ተጫዋች በሬዲዮ እንዲህ ብሎ ከሰሰው። ፑሆልስ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2014 ሰውየው ቃሉን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ።

በ42 ዓመቱ እንዴት ተመልሶ መታ?

ይሄ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ነው፤ ቀስ ብለን እናውራው።

ከኤንጅልስ እንደወጣ እዚያው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወሰዱት። ሥራው ጠባብ ነበር። ቀኝ እጁን የሚጠቀም መቺ የግራኝ ወርዋሪን ኳስ ይበልጥ ያያታል፤ ስለዚህ ግራኝ ሲወረውር እሱን ያስገቡታል። ወጣቶቹ የቡድን ጓደኞቹ በስፓኒሽ «ቲዮ አልበርት» ይሉት ጀመር፤ አጎቴ አልበርት ማለት ነው። 12 ሆም ረን መታላቸው።

በ2022 ደግሞ ሕግ ተቀየረ። ካርዲናልስ ያሉበት ናሽናል ሊግ፣ ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ፣ ለብዙ ዘመን ወርዋሪዎቹ ራሳቸው እንዲመቱ ያስገድድ ነበር፤ ለመምታት ብቻ የሚቀመጥ ሰው አይፈቀድም። ያ ሕግ በዚያ ዓመት ቀረ። ለአንድ እግሩ የደከመ አንጋፋ መቺ በር ተከፈተ ማለት ነው። ካርዲናልስ ለአንድ ዓመት በ2.5 ሚሊዮን ዶላር መለሱት። ፈርስት ቤዝ ላይ ፖል ጎልድሽሚት ነበር፤ በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ የሆነው እሱ ነው። ፑሆልስ በአብዛኛው መታ እንጂ አልቆመም።

እስከ ሐምሌ ግማሽ የነበረው 6 ሆም ረን ብቻ ነው። 700 ለመድረስ ደግሞ በዓመቱ በጠቅላላው 21 ያስፈልገው ነበር። ሰው ተስፋ ቆረጠ። እንዲያውም በግንቦት አንድ ቀን ቡድኑ በሰፊው ሲመራ ለሳቅ ያህል ኳስ አስወርውረውት ሁለት ሆም ረን ተመቶበታል! ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ግን ያው ማሽን ተነሳ። በቀሩት ሁለት ወር ተኩል 18 መታ።

700ኛው የት ተመታ?

መስከረም 23 ቀን 2022፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዶጀር ስታዲየም። በአንድ ምሽት 699ኛውንና 700ኛውን አከታትሎ መታ። ቤዞቹን ዞሮ እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ መረቡ ሄደ፤ ከመረቡ ወዲያ የአገሩ ልጅና የድሮው ታላቅ ተጫዋች አድሪያን ቤልትሬ ተቀምጧል። በመረቡ ቀዳዳ እጅ ተመታቱ። ኳሷን የያዘው ተመልካች ሳይመልሳት ይዟት ሄደ። ፑሆልስ ግን አልከፋውም፤ ማስታወሻ ለተመልካች ነው አለ።

እግረ መንገዴን ልጥቀስ። 500ኛውን የመታው ሚያዝያ 22 ቀን 2014 ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናልስ ፓርክ ነው፤ እዚያም 499ኛው በዚያው ምሽት ነበር። 3,000ኛውን ሂት በ2018 ሲያትል አገኘ። 700ኛው ሎስ አንጀለስ። ዲሲ፣ ሲያትል፣ ኤል ኤ! ሐበሻ በብዛት የሰፈረባቸውን ከተሞች እየመረጠ የሚመታ ነው የሚመስለው። ስንቶቻችን በዚያ ምሽት ታክሲ ይዘን በስታዲየሙ አጠገብ አልፈናል?

ከሁሉም ፈርስት ቤዝ ተጫዋቾች ይበልጣል? ሉ ጌሪግስ?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ይወሰናል። ጌሪግ የኒው ዮርክ ያንኪስ ሰው ነው። 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቷል። በ1939 ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ ይዞት አቆመ፤ በ1941 አረፈ። 493 ሆም ረን አለው። ጤና ቢኖረው ምን ያህል ይደርስ እንደነበር ማን ያውቃል።

በየዓመቱ ከተመዘነ ጌሪግን አስቀድማለሁ። ግን ጌሪግ በዘመኑ ጥቁሮች ባልተፈቀደላቸው ሊግ ውስጥ ነበር የተጫወተው፤ ፑሆልስ ከመላው ዓለም ከመጡ ወርዋሪዎች ጋር ተጋፍጧል። በመከላከልም ፑሆልስ ይሻላል ባይ ነኝ። ስለዚህ አንድ ሰው ምረጥ ብትሉኝ ፑሆልስ እላለሁ። የያንኪስ ደጋፊ ጎረቤቴ ይሄን ሲያነብ ይደውልልኛል።

የዝና አዳራሽ ገብቷል?

ገና ነው። አንድ ተጫዋች ካቆመ በኋላ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ተራው የ2028ቱ ምርጫ ነው፤ ለመግባት ከመራጭ ጋዜጠኞቹ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ጥያቄው ይገባል አይገባም ሳይሆን እምቢ የሚል ሰው ይገኛል ወይ ነው።

አሁን ምን ይሠራል?

አሰልጣኝ ሆኗል። የትውልድ ከተማው ቡድን የሆነውን ሊዮኔስ ዴል ኤስኮሂዶን ይዞ በ2025 መጀመሪያ የዶሚኒካንን ሊግ፣ ከዚያም ሜክሲኮ ላይ የተካሄደውን የካሪቢያን ሲሪስ አሸነፈ። ለ2026ቱ የዓለም ቤዝቦል ክላሲክም የዶሚኒካን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ተሰይሟል። በ2005 የተመሠረተው የቤተሰቡ ድርጅት ደግሞ ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆችና ቤተሰቦቻቸው፣ እንዲሁም በዶሚኒካን ላሉ ድሆች ይሠራል።